ድረ ገጽን በደረጃው መሠረት ማሠራት ለአነስተኛ ነጋዴ ይጠቅማልን?

አንድ ነጋዴ ለሱቁ ወይም ለድርጅቱ ድረ ገጽ ለማሠራት በተነሣ ጊዜ፥ ከሠሪው ጋራ የሚነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዋጋው ልክ፥ ሥራው በሚያልቅበት ቀንና በመልኩ ማማር ነው። ገጹ በምን ዐይነት ደንብ ተጽፎ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሠሪውም ካልተጠየቀ አይናገርም። አንዳንዱ ሠሪ ደግሞ «ሥራዬ የዓለሙን ደረጃ ጠንቅቆ የጠበቀ ነው» በማለት ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል፤ ነጋዴውም ይህ ቃል በእውነት ገንዘብ የሚያወጣ ይሁን ወይም የዋጋ ማሳመሪያ ይሁን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ ደረጃ የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ከእርሱም የትኛው ክፍል ለአነስተኛ ነጋዴ እንደሚበጅና የትኛው ቢቀር እንደማይጎዳ ማስረዳት ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ ለነጋዴ እንግዳ ቃል አይደለም። የቁናው ልክ በየገበያው በተለያየበት ዘመን፥ ከአንዱ አውራጃ እህል ሸምቶ በሌላው የሚሸጥ ሰው ትርፉን የሚያውቀው ሰፍሮ ካበቃ በኋላ ነበር። ሚዛኑ በኪሎ ሲሆን ግን ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በደብዳቤ ሊዋዋሉ ይችላሉ። የድረ ገጽም ነገር እንዲሁ ነው። ገጹን የሚጽፈው አንድ ሰው ሲሆን፥ የሚያነቡት መሣሪያዎች ግን እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ደንበኛ በአዲስ ስልክ፥ ሌላው ስምንት ዓመት ባገለገለ ስልክ፥ ሦስተኛውም በቢሮ ኮምፒዩተር ይከፍተዋል። ገጹን ከፍተው የሚያሳዩት ብራውዘር የሚባሉት ፕሮግራሞችም፥ እንደ ክሮም፥ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ያሉት፥ የየኩባንያው ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ አንዱን ጽሑፍ በአንድ ዐይነት መንገድ ይተረጕሙት ዘንድ የተስማሙበት ደንብ ደረጃ ይባላል።

ደንቡ ከየት እንደ መጣ የታወቀ ነው። ዎርልድ ዋይድ ዌብ የተባለውን የገጾች መረብ በ1989 ዓ.ም. ያሰቡት ሰር ቲም በርነርስ ሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሲሆኑ፥ በዚያን ጊዜ የሚሠሩት በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ድርጅት ነበር። ድርጅቱም በ1993 ዓ.ም. ሥራው ያለ ምንም ክፍያ ለሁሉ እንዲሆን ፈቀደ። በሚከተለው ዓመት በርነርስ ሊ ደብሊው 3 ሲ በሚል አጭር ስም የሚጠራውን ደንብ አውጪ ማኅበር አቋቋሙ። የጽሑፉን አካል፥ ማለት አርእስቱን፥ ዐንቀጹን፥ ሠንጠረዡንና ሥዕሉን ለይቶ የሚያመለክተው ቋንቋ ኤች ቲ ኤም ኤል፥ መልኩንና ቀለሙን የሚያዝዘው ደግሞ ሲ ኤስ ኤስ ይባላል። ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ የኤች ቲ ኤም ኤልን ደንብ የሚጽፈው የብራውዘር ሠሪዎች በ2004 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሌላ ቡድን ሲሆን፥ ደብሊው 3 ሲም ይህንኑ ተቀብሏል። ይህ የደንብ አውጪዎቹ የእርስ በርስ ጉዳይ ስለ ሆነ ነጋዴውን የሚያስጨንቅ አይደለም።

በ1990ዎቹ ዓመታት ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች ገበያውን ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ፥ እያንዳንዱ በደንቡ ውስጥ የሌለ የራሱን ፈሊጥ ይጨምር ነበር። ከዚህም የተነሣ በየገጹ ግርጌ «ይህ ገጽ በደኅና የሚታየው በእገሌ ብራውዘር ነው» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ ጀመር። አንድ ባለሱቅ በበሩ ላይ ቆሞ ደንበኛውን «ይህን ጫማ ካልተጫማህ አትገባም» ቢለው ምን ያህል እንደሚያስቅ የታወቀ ነው፤ በድረ ገጽ ላይ ግን ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ እንደ ደኅና ሥራ ተቈጥሮ ኖሯል።

ደንቡን መተው የሚያመጣውን ጉዳት የደቡብ ኮሪያ ነጋዴዎች ከሌላው ይልቅ ቀምሰውታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያ አገር ሲድ የተባለ የራሳቸው የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ ወጣ፤ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰውም ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ልዩ የኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ተደረገ። እነዚህን በድረ ገጽ ላይ ለማሠራት የተመረጠው መንገድ አክቲቭ ኤክስ የተባለ የማይክሮሶፍት ተጨማሪ ፕሮግራም ነበርና፥ የአገሪቱ ባንኮችና ሱቆች አብዛኞቹ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በተባለው በአንድ ብራውዘር ላይ ተንጠለጠሉ። በሌላ ብራውዘር የመጣ ገዢ ዕቃውን ለማየት ቢችልም ለመክፈል አይችልም ነበር። በኋላም አንድ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ በቻይና እጅግ ተወዶ፥ ተመልካቾቹ ተዋናይቷ የለበሰችውን ካፖርት ለመግዛት ፈለጉ። በ2014 ዓ.ም. ማርች ወር ፕሬዚዳንት ፓርክ ግዩን ሄ በስብሰባ ላይ ይህን ነገር አንሥተው፥ ቻይናውያኑ ገዢዎች በክፍያው ሥርዓት ምክንያት ካፖርቱን ከኮሪያ ሱቆች ሊገዙ አለመቻላቸውን በምሬት ተናገሩ። የምስክር ወረቀቱ ልዩ መብት በሕግ የተሻረው ግን በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በ2022 ዓ.ም. ጁን ወር ከአገልግሎት አሰናበተው። ዕቃውም ገዢውም ሳይጠፉ ሽያጩ የቀረው በገጹ አሠራር ምክንያት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ፍላሽ የተባለውም ፕሮግራም እንዲሁ ነበር። ብዙ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ፥ ሙዚቃውም የሚሰማ ገጽ በፍላሽ አሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ፍላሽ የሁሉ የሆነ ደረጃ ሳይሆን የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አይፎን የተባለው ስልክ ፍላሽን አልተቀበለም፤ ባለቤቱ አዶቤ ኩባንያም በ2020 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ድጋፉን አቋረጠ። የገጹ ባለቤቶች ምንም ሳያጠፉ፥ የከፈሉበት ሥራ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቀረ። በአንጻሩ በ1991 ዓ.ም. በሰርን የወጣው የዓለሙ የመጀመሪያ ገጽ በደንቡ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ስለ ነበረ፥ ዛሬም በማናቸውም ብራውዘር ቢከፈት ያለ ችግር ይነበባል። አነስተኛ ነጋዴ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ገጽ ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ የለውምና፥ ይህ ልዩነት ከትልቁ ኩባንያ ይልቅ የሚነካው እርሱን ነው።

በአማርኛ ለሚጻፍ ገጽ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። የላቲን ፊደል ቢበላሽም በግምት ይነበባል፤ የግዕዝ ፊደል ከተበላሸ ግን ፈጽሞ አይነበብም። ቀድሞ በኮምፒዩተር አማርኛ ለመጻፍ የነበረው ዘዴ፥ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቍጥር ላይ እየደረቡ ማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ የሚነበበው ያንኑ ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ ለጫነ ሰው ብቻ ሲሆን፥ ለሌላው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ችግር የፈታው የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቍጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የተባለው ደረጃ ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው በ1999 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው እትም ሲሆን፥ በዚያ ጊዜ ቍጥር ያገኙት ፊደላትና ምልክቶች ከ300 ይበልጣሉ። በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋራ ይዞ ስለ መጣ፥ አንባቢው ምንም ሳይጭን አማርኛ ለማንበብ ቻለ።

ይህም ሆኖ ችግሩ ፈጽሞ አልጠፋም። የጥንቱን ፎንት የለመደ ጸሐፊ የዋጋ ዝርዝሩን በዚያው ጽፎ ለገጹ ሠሪ ቢልከው፥ ሠሪውም ሳይመረምር ቢለጥፈው፥ ገጹ ላይ የሚወጣው የተዘበራረቀ ነገር ነው። ከዚህም በቀር ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የኤች ቲ ኤም ኤል ደረጃ ገጽ ሁሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እንዲጻፍና ይኸው በገጹ መጀመሪያ፥ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ፥ እንዲገለጽ ያዝዛል። ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከተረሳ ብራውዘሩ በግምት ይሄድና፥ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ገጹን የሠራው ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ደኅና ሆኖ ስላየው አይጠረጥርም፤ ደንበኛውም ዝም ብሎ ይዘጋዋል እንጂ ደውሎ አያስታውቅም። የነጋዴው ጉዳት የማይታወቀውም ስለዚህ ነው።

ይህን መጨናነቅ ለመሸሽ አንዳንድ ሠሪዎች የአማርኛውን ጽሑፍ በሥዕል መልክ አዘጋጅተው ይለጥፋሉ። ፊደሉ ያምራል፥ በየትም ቦታ አይበላሽም፤ ስለዚህ ነጋዴው ይደሰታል። ነገር ግን ይህ ከሁሉ የከፋው አሠራር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በርበሬ፥ ሽሮና ቅመማ ቅመም የሚያዘጋጁ አንዲት የባልትና ነጋዴ ቢኖሩና የዋጋ ዝርዝራቸውን በአንድ ትልቅ ሥዕል ቢያስለጥፉ፥ የሚደርሰው እንዲህ ነው። በዋሽንግተን የምትኖር ገዢ ለእናቷ ሽሮ ለማስላክ ፈልጋ በጎግል ብትፈልግ፥ ጎግል በሥዕሉ ውስጥ ያለውን አማርኛ እንደ ጽሑፍ ሊተማመንበት ስለማይችል የወይዘሮዋ ሱቅ በቀላሉ አይመጣላትም። ገጹን በሌላ መንገድ ብታገኘውም በስልኳ ጠባብ መስታወት ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ያንሳል። ስልክ ቍጥሩን ነክታ ለመደወል ወይም ገልብጣ በቴሌግራም ለመላክ አትችልም። በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጇ፥ በ2016 ዓ.ም. አማርኛን የጨመረውን የጎግል ትርጉም ቢጠቀም ብራውዘሩ የሚተረጕመው ጽሑፍ አያገኝም። በአገር ውስጥ ያለው ደንበኛ ደግሞ ለአንድ ገበታ የዋጋ ዝርዝር የኢንተርኔት ጥቅሉን ይጨርሳል። በርበሬው ሲወደድ ዋጋውን ለመለወጥም ወይዘሮዋ ሥዕሉን የሠራውን ሰው መፈለግና እንደ ገና መክፈል ሊኖርባቸው ነው። ዝርዝሩ በደንቡ መሠረት ተራ ጽሑፍ ሆኖ በሠንጠረዥ ቢቀመጥ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ዩኒኮድ ለ«ሠ» እና ለ«ሰ»፥ ለ«ጸ» እና ለ«ፀ»፥ ለ«ሀ»፥ ለ«ሐ»ና ለ«ኀ» የተለያየ ቍጥር ሰጥቷቸዋል። ሰው ግን ጠጉርን «ፀጉር» ብሎም «ጸጉር» ብሎም ይጽፋል። ስለዚህ የጠጉር ቅባት የሚሸጥ ነጋዴ በገጹ ላይ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ቢያኖር፥ በሌላው የሚፈልገው ደንበኛ ሊያጣው ይችላል። ይህን ማናቸውም ዓለም አቀፍ ደረጃ አይፈታውም፤ የቋንቋው ባለቤት በዕቃው መግለጫ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ በብልሃት ማስገባት ይኖርበታል። አራት ነጥብንም በሁለት ኮለን መጻፍ የተለመደ ስሕተት ሆኗል፤ ለዐይን ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለኮምፒዩተሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ምልክት ነው።

እስካሁን የተባለውን የሰማ ሰው፥ እንግዲያስ እያንዳንዱ የደንቡ ቃል ሳይጓደል ይፈጸም ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደብሊው 3 ሲ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው የገጽ መፈተሻ አለ፤ የገጹን አድራሻ ቢሰጡት በደንቡ ያልተጻፈውን ሁሉ እየለቀመ ይዘረዝራል። አንዳንድ ሠሪ «በመፈተሻው አንድም ስሕተት አልተገኘበትም» በማለት ብቻ ዋጋውን ያስወድዳል። ሆኖም የታላላቅ ኩባንያዎች ገጾች እንኳ በዚህ መፈተሻ ሲታዩ ስሕተት የሚገኝባቸው ጊዜ ብዙ ነው፤ ንግዳቸው ግን አልቆመም። ምክንያቱም በ2014 ዓ.ም. የጸደቀው ኤች ቲ ኤም ኤል 5 ትክክለኛውን አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን፥ የተሳሳተ አጻጻፍ ሲያጋጥም ብራውዘሮች ሁሉ እንዴት አድርገው እንደሚያነቡት ጭምር ደንግጓል። ጎግልም ቢሆን ገጹ ስሕተት አልባ ስለ ሆነ ብቻ በፍለጋ ከፍ አያደርገውም።

ደንብ አውጪዎቹ ራሳቸው ከዚህ የጠበቀ ነገር ሞክረው ነበር። በ2000 ዓ.ም. ኤክስ ኤች ቲ ኤም ኤል የተባለ ጥብቅ ደንብ አወጡ፤ በዚህም ደንብ በሙሉ አሠራሩ አንዲት ምልክት ብትጓደል ብራውዘሩ ገጹን ሳያሳይ የስሕተት ማስታወቂያ ብቻ ያወጣ ነበር። በአንድ የነጠላ ሰረዝ ጕድለት ምክንያት ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ከየት ይገኛል? የዚህ ደንብ ሁለተኛ እትም ገና ሳያልቅ፥ በ2009 ዓ.ም. ሥራው እንዲቋረጥ ተወሰነ። ስለዚህ ነጋዴው የስሕተቱን ብዛት መቍጠር አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ስሕተት ደንበኛን የሚያግድ መሆኑንና አለመሆኑን ግን ማስመርመር አለበት። ጊዜው ያለፈበት የቀለም ትእዛዝ ቢገኝ ግድ የለም፤ የሥዕል መግለጫ ወይም የትእዛዝ መቀበያው ሣጥን መጠሪያ ጐደለ ከተባለ ግን ይህ ዋና ጕድለት ነው።

ለምን ዋና ጕድለት እንደሚባል የሚረዳው ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ሲያስቡ ነው። እነርሱ ስልክና ኮምፒዩተር የሚጠቀሙት ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሥዕልን ለማንበብ የሚችለው መግለጫ ከተጻፈለት፥ ሣጥንንም ለመለየት የሚችለው «ስም»፥ «ስልክ»፥ «ብዛት» የሚል መጠሪያ በደንቡ ከተያያዘለት ብቻ ነው። በአሜሪካ አንድ ማየት የተሳነው ሰው በዶሚኖስ ድረ ገጽና የስልክ ፕሮግራም ፒዛ ለማዘዝ ስላልቻለ ኩባንያውን ከሰሰ፤ በ2019 ዓ.ም. ጃኑዋሪ ወር የይግባኙ ፍርድ ቤት የአካል ጕዳተኞች መብት ሕግ ለድረ ገጹም እንደሚሠራ ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት የኩባንያውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። በዚያ አገር ያሉት ፍርድ ቤቶች ሁሉ አንድ ዐይነት ባይፈርዱም፥ በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ ምግብ ቤት ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ጉዳይ የሌላ ሰው ነገር አድርጎ ሊተወው አይገባም። በአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ሕግ ከ2025 ዓ.ም. ጁን 28 ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ ከ10 ሰው በታች የሚያሠሩና የዓመት ገቢያቸው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪዎች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ሕጉ ነፃ ቢያወጣም የደንበኛው ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው።

ገጹ የተሠራለት ነጋዴ ባለሙያ ሳይጠራ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ከሠራተኞቹ መካከል ያረጀ ስልክ ያለውን ጠርቶ በዚያ ይክፈተው። ዋጋውን በጣቱ ተጭኖ ለመገልበጥ ይሞክር፤ ካልተገለበጠ ጽሑፉ ሥዕል ነው ብሎ ይጠርጥር። ስልክ ቍጥሩን ሲነካው መደወያው ይከፈት እንደ ሆነ ይመልከት። የስልኩን ፊደል መጠን አሳድጎ ጽሑፉ እርስ በርሱ መደራረብ አለመደራረቡን ይይ። በኮምፒዩተር ላይ ደግሞ አይጡን ትቶ ታብ የተባለውን ቍልፍ ብቻ እየተጫነ ትእዛዙን እስከ መጨረሻ ለመላክ ይሞክር፤ በመካከል ቢቋረጥበት ማየት የተሳነውም ደንበኛ በዚያው ቦታ እንደሚቋረጥ ይወቅ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ግን በውሉ ላይ ከተጻፈ ነው። «ዘመናዊ ድረ ገጽ ይሠራል» የሚል ውል በፍርድ ፊት ምንም ማለት አይደለም። ይልቁንም የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ፥ በዩ ቲ ኤፍ 8 እንደሚጻፍ፤ ዋጋ፥ አድራሻና ስልክ በሥዕል እንደማይቀመጡ፤ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ እንደሚመለከት፤ ሥዕሎች መግለጫ፥ ሣጥኖችም መጠሪያ እንደሚኖራቸው፤ ገጹ በክሮም፥ በሳፋሪና በፋየርፎክስ ተፈትኖ እንደሚረከብ፤ የመፈተሻው ዝርዝር ከርክክቡ ሰነድ ጋራ እንደሚያያዝና በዝርዝሩ ለሚታየው እያንዳንዱ ስሕተት ሠሪው በጽሑፍ ምክንያቱን እንደሚሰጥ አንድ በአንድ ይጻፍ። የድረ ገጹ አድራሻ ስም፥ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠውም ቢሆን ከውጭ የሚገዛው፥ በነጋዴው ስም ይመዝገብ እንጂ በሠሪው ስም አይሁን፤ የገጹ ፋይሎች ሙሉ ቅጂም በርክክቡ ቀን በነጋዴው እጅ ይግባ። በደንቡ የተጻፈን ፋይል ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሊያነበውና ሊቀጥልበት ይችላል፤ ሠሪው በራሱ ፈሊጥ የጻፈውን ግን ከእርሱ በቀር ማንም አይደፍረውም፤ ነጋዴውም የጠየቀውን ሁሉ ለመክፈል ይገደዳል።

አስቀድሞ ያሠራ ነጋዴ ይህን በማንበቡ ገጹን ሁሉ አፍርሶ እንደ አዲስ ለመጀመር መቸኰል የለበትም። በመጀመሪያ የዩ ቲ ኤፍ 8 መግለጫ መኖሩን ያስጠይቅ፤ ቀጥሎ በሥዕል ያለውን ዋጋና ስልክ ወደ ጽሑፍ ያስለውጥ፤ ከዚያም የትእዛዝ መቀበያውን ሣጥን ያስተካክል። መልኩንና ቀለሙን የሚመለከተው ማሻሻያ ገንዘብ እስኪገኝ ሊቈይ ይችላል። ከቀሪው ሒሳብ ጥቂቱ ለርክክቡ ፈተና ተይዞ እንዲቈይ በውሉ የሚያስገባ ነጋዴ ደግሞ እርማቱ ቶሎ ይፈጸምለታል።